የሠራተኛዋ ድምፅ

የልጅ ልጄ ሥራ እሺ ማለት ነው። ምን ትሠራለች ተብዬ ስጠየቅ የምመልሰው ይህን ነው። ሰዎች ይስቃሉ፤ እኔ ግን ቀልዴን አይደለም። ከውጭ አገር የሚመጡ ተከታታይ ድራማዎች ወደ ቋንቋችን ሲመለሱ፣ የቤት ሠራተኛዋ አፏን በከፈተች ቁጥር የሚሰማው የእሷ ድምፅ ነው። «እሺ እመቤቴ።» «መጣሁ እመቤቴ።» «በእናትዎ ይማሩኝ እመቤቴ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም።» አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። በእነዚህ ዓመታት ያልሰበረችው ብርጭቆ፣ ያልተባረረችበት ቤት፣ ሰረቅሽ ያልተባለችው የአንገት ሐብል የለም። እንዲያውም አንድ ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስቴ ሞታ መጣችና «እማዬ፣ ዛሬስ ደክሞኛል» ብላ ጫማዋን ሳታወልቅ ጋደም አለች።

እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተችብን ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ እማዬ የምትለውም እኔን ነው። ቤት ውስጥ ሚጢ እንላታለን። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ቁመቷ የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ግን የቤት ስም አንዴ ከተለጠፈ ማን ያላቅቀዋል? አነጋገሯን የወሰደችው ከእኔ ነው። እኔ በተወለድኩበት አካባቢ ሰው የቃሉን መጨረሻ ይጎትታል። ውኃ የሞላ ዕቃ እንደሚያወርድ ሰው ቃሉን ቀስ አድርጎ ነው የሚያሳርፈው። የዚህ ከተማ ሰዎች ደግሞ ቆረጥ አድርገው ይጥሉታል። ሚጢ እዚሁ ከተማ ተወልዳ፣ እዚሁ ተምራ፣ ከአፏ የሚወጣው ግን የእኔ ነው። ተማሪ ቤት ሳለች ልጆች እየደገሙ ይስቁባት ነበር። ሲሰለቻቸው ይተዉታል ብዬ ዝም አልኩ።

ሃያ ዓመት ሲሞላት «ድምፅ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ አየች። ለፈተና አስቀድመው የሰጧት ወረቀት የአንዲት ሐኪም ንግግር ነበር። ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ቆማ ስታክመኝ ሰነበተች፤ ያላገኘችብኝ በሽታ የለም። የፈተናው ቀን ገና ሁለት መስመር እንዳነበበች ዳይሬክተሩ ጭኑን በጥፊ መታና «በቃ፣ በቃ! ሠራተኛዬን አገኘሁ!» አለ። ተቀጠርሽ ያላት መስሏት በደስታ እያለቀሰች ቤት መጣች። የትኛዋን ሠራተኛ ማለቱ እንደሆነ የገባት በማግስቱ ነው።

ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ድምፅ አንድ፦ እመቤት፣ ሐኪም፣ ዳኛ። ድምፅ ሁለት፦ ፍቅረኛ፣ ሙሽራ። እንዲህ እያለ ይወርዳል። ሚጢ ድምፅ ዘጠኝ ናት፦ ሠራተኛ፣ አትክልት ሻጭ፣ ከገጠር የመጣች ዘመድ፣ አልቃሽ። ድራማው ከየትም ይምጣ፣ ተርጓሚው ከእያንዳንዱ ሰው ስም ጎን አንድ ቁጥር ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚከራከር የለም።

ጽሑፉን ቤት ይዛ ስትመጣ የማለማምዳት እኔ ነበርኩ። ፊደል የለየሁት በስድሳ አራት ዓመቴ ከእነዚሁ ወረቀቶች ላይ ነው። ሚጢ ወረቀቱን ዘርግታ «እስቲ አንቺ እመቤቷን ሁኚልኝ» ትለኛለች። እኔም ጣቴን ከፊደሉ ላይ ሳላነሳ «አን-ቺ የማ-ት-ረ-ቢ!» እላለሁ።

«እማዬ፣ ተቆጪ እንጂ! እየተሳደብሽ እኮ ነው።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ስድቡን ላግኘው።»

«እኔ እኮ እስክትጨርሺ እቃውን አጥቤ ሸሸሁ።»

በዚህ ዓይነት ተሳድቤ ተሳድቤ ማንበብ ቻልኩ።

መንገድ ላይ ሰው የሚያውቃት በፊቷ አይደለም፤ አፏን ስትከፍት ነው። ቲማቲም ልትገዛ «ይህን መዝኚልኝ» ስትል ሻጯ እጇን በአፏ ትጭናለች። «ውይ! አንቺ ነሽ እንዴ! እስቲ በሞቴ አንዴ እሺ እመቤቴ በዪልኝ!» ሚጢም ትላለች። ሻጯ ትስቃለች፣ ጎረቤቷን ትጠራለች፣ ሚጢ እንደገና ትላለች። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ስልክ ስታወራ ከኋላ የተቀመጠ ሰው «አንቺ ልጅ፣ እመቤትሽ እንዳትሰማሽ» ብሎ አውቶቡሱን በሳቅ አፈረሰው። እሷም አብራ ሳቀች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ ጉልበቷ ላይ ያለው እጇ አልሳቀም።

መውጫ አልፈለገችም አይባልም። ለዜና አንባቢነት ተፈተነች። ፈታኙ ደግ ሰው ነው፣ «ድምፅሽ ማር ነው፤ ግን ዜናውን ስታነቢው የምታዝኚልን ይመስላል» አላት። ወደ ሌላ ስቱዲዮ ሄደች። ገና ሰላም እንዳለች «አንቺማ ሠራተኛዋ ነሽ!» ብለው አቀፏት፤ የሰጧት ወረቀት ላይም ሠራተኛ ነበረች። ታዋቂ መሆኗ ራሱ አሰራት። አገር ሁሉ አውቋታል፣ ያወቃት ግን ጓዳ ውስጥ ነው።

ዘንድሮ «ትልቁ ቤት» የሚባለው ድራማ መጣ። በዚህ ድራማ ሠራተኛዋ ጥግ ላይ ቆማ የምታልፍ አይደለችም፤ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ታሪኩ እሷን ይከተላል። ሚጢ መቶ አርባ ክፍል ሙሉ ወለል ወለወለችላት፣ ተሰደበችላት፣ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አለቀሰችላት። ከዕለታት አንድ ቀን ተርጓሚው ቀጣዩን ጽሑፍ ይዞ መጣና በጆሮዋ ነገራት። ለካ ልጅቱ የቤቱ ባለቤት ልጅ ኖራለች! በሕፃንነቷ ጠፍታ፣ አንዲት ድኻ ሴት አሳድጋት፣ ሳታውቅ የአባቷን ቤት ስትጠርግ ኖራ፤ ከመቶ አርባ አንደኛው ክፍል ጀምሮ የቤቱ እመቤት እሷ ናት።

ያን ቀን ሚጢ እየሮጠች ገባች። ላብ በላብ ሆና ወረቀቱን ደረቴ ላይ ለጠፈችው።

«እማዬ፣ ወረስኩ!»

«ምን ወረስሽ?»

«ቤቱን! ትልቁን ቤት! ተነሺ፣ አሁን ሠራተኛዋ አንቺ ነሽ።»

እስከ እራት ሰዓት በቤቱ ውስጥ አዘዘችኝ። «መጋረጃውን ክፈቺው። ይህ ቤት የእኔ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ውስጥ ማንም ቆሞ አይበላም» ስትል የቃሉን ጫፍ ቀስ አድርጋ አሳረፈችው፣ እንደ እኛ። ልቤ ወከክ አለ። የእናቴ አነጋገር እንዲህ ቀና ብሎ ሲያዝ ሰምቼ አላውቅም። «እሺ እመቤቴ» አልኳት፤ ተቃቅፈን ሳቅን።

በሳምንቱ ዳይሬክተሩ አስጠራት። ምን እንዳላት ቤት መጥታ፣ እሱን እየሆነች፣ ራሷን እየሆነች ነገረችኝ።

«ከመቶ አርባ አንድ ጀምሮ ልጅቱን ድምፅ አንድ ትይዛታለች» አላት። ድምፅ አንድ የምትባለው ቀድሞ በሬዲዮ ዜና ታነብ የነበረች፣ ሁሉም ዜና አንባቢዋ የሚሏት ሴት ናት።

«የትኛዋን ልጅ?»

«ልጅቱን ነዋ። አሁን እመቤት ሆናለች አይደል እንዴ?»

«ያችው ልጅ እኮ ናት ጋሼ! ፊቷ አልተለወጠ፣ ስሟ አልተለወጠ።»

«ፊቷን የቀረጹት እነሱ ናቸው። ድምፁ ግን የእኔ ኃላፊነት ነው።»

«ሰው ሲያልፍለት ጉሮሮው ይለወጣል?»

«አትቀልጂ። በዚያ አነጋገርሽ ይህ ቤት የእኔ ነው ብትዪ ሰው ይስቃል።»

«ቅዱኝና ይሳቅብኝ።»

«የኔ እመቤት፣ አትዘኚ። በሚቀጥለው ወር ሁለት አዲስ ድራማ ይመጣል፤ በሁለቱም ሠራተኛ አለ።»

ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ጫማዋን አወለቀች፣ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እኔም ምን ልበላት? የወረሰችው ከእኔ ነው። ገንዘብ ቢሆን፣ መሬት ቢሆን፣ ተቀባዩ አልፈልግም ብሎ ይመልሳል፤ አነጋገር ግን በምን ይመለሳል?

አሁን ጉድ የፈላው እዚህ ላይ ነው። በመቶ አርባ አንደኛው ክፍል እመቤቷ መስታወት ፊት ተቀምጣ ያለፈ ሕይወቷን ታስታውሳለች። ያለፈውን በአዲሱ ድምፅ ለመቅዳት ጊዜ ስላልነበራቸው የድሮውን እንዳለ ወስደው አስገቡት። ስለዚህ ልጅቱ በትዝታዋ ውስጥ ስትናገር በሚጢ ድምፅ ነው፤ ቀና ብላ ስትናገር በዜና አንባቢዋ። ስቱዲዮ ውስጥ ይህ ለማንም እንግዳ አልሆነም፤ ድምፅ በማዕረግ መሆኑን ለምደውታል። ሌላው ሰው ግን መች ለመደው?

እኛ ቴሌቪዥን የምናየው ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ቤት ነው። ያን ዕለት የግቢው ሴቶች ሁሉ ነበሩ። ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን በከንፈሯ እንደያዘች ብድግ አለች።

«ኧረ ይቺ እሷ አይደለችም!»

«ማን አይደለችም?»

«ወራሿ ናታ! አልሰማሽም? ፊቷ ነው እንጂ የሚመሳሰለው፣ ይቺ ሌላ ሰው ናት። መንታ ሳትሆን አትቀርም። እውነተኛዋን አፍነው ምድር ቤት ዘግተውባታል፤ ይቺን ቀጣፊ አልጋዋ ላይ አስቀመጡ!»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለች ሌላዋ። «ስታወራ ዓይኗ አያርፍም።»

ሚጢ ጥግ ላይ ተቀምጣ እስኪያማት ሳቀች። ሳቋ ሲረዝም ወጣ አለች፤ ተከትያት ስወጣ ልብስ ማስጫው ሥር ቆማ ፊቷን በአንሶላ ይዛለች። «እማዬ፣ ልብስ ሰፊዋ ልክ ናት» አለችኝ። «ምድር ቤት ዘግተውብኛል።»

የተሳሳተችው ልብስ ሰፊዋ ብቻ አልነበረችም። በሳምንቱ ውስጥ የቴሌቪዥን ጣቢያው ስልክ አላርፍ አለ። «እውነተኛዋን የምታስፈቷት መቼ ነው?» የሚል ነው የሚበዛው። አንድ ሽማግሌማ ቀጣፊዋ የምትያዝበት ቀን ይነገረኝና ልጆቼን ሰብስቤ ልይ ብለዋል አሉ።

ዳይሬክተሩ ራሱ እኛ ቤት መጣ። ከባድ ሰው ነው፤ የሰጠሁት በርጩማ ከሥሩ ጠፋ፣ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ደረሰ። ወሬውን ከጤናዬ ጀመረ፤ ወገቤን ጠየቀኝ፣ ዓይኔን ጠየቀኝ።

«ዓይኔ ደህና ነው ልጄ፤ ጆሮዬ ግን ከሁሉም ይሻላል» አልኩት።

ነገሩ ገባውና ወደ ሚጢ ዞረ። «ተመለሺ። እመቤቷን አንቺ ትይዣታለሽ።»

ሚጢ ከተቀመጠችበት ቀና አለች።

«ግን» አለ፣ «አነጋገሩን አስተካክለሽ። ድምፁ ያንቺው ይሁን፣ ሰው ያውቀዋል። መጎተቱ ግን ይቅር። ጣቢያው የጠየቀው እሱን ነው፤ እመቤት ሆና ሠራተኛ የምትመስል አንፈልግም ብለዋል። ሁለት ሳምንት አለሽ።»

«ካልቻልኩስ?»

አቀረቀረ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን እንዲያ አያቀረቅርም ነበር። «ካልቻልሽ ዜና አንባቢዋ ሁሉንም ከክፍል አንድ ጀምራ እንደገና ትቀዳዋለች። ሠራተኛዋንም ጭምር። አንድ ሰው አንድ ድምፅ ይኑረው ተብሏል። ያንቺ መቶ አርባው ይሰረዛል።»

«ያለቀስኩትም?»

«ያለቀስሽውም።»

ዳይሬክተሩ ሄደ። አልችልም ካለች ከነለቅሶዋ ልትጠፋ ነው። እሺ ካለች ደግሞ እመቤት የምትሆነው ሌላ አፍ ገዝታ ነው። መጨረሻ ላይ እርሳስ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ስጎትት ጠረጴዛውን ምቺ።»

«እኔ?»

«ሌላ ማን ይሰማዋል እማዬ? ከአንቺ ነው የመጣው፣ አንቺ ታውቂዋለሽ።»

እንዲህ ሆኖ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። እሷ ታነባለች፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጣለሁ፤ የቃሉ ጫፍ ሲረዝም ጠረጴዛውን በእርሳሱ እመታለሁ። የመጀመሪያው ቀን አንዱን ገጽ ሳንጨርስ የእርሳሱ ጫፍ ተሰበረ። የምመታው የእናቴን አነጋገር ነው፣ የእህቶቼን ነው፣ እሷን አዝዬ ያባበልኩበትን ነው። እያወቅኩ መታሁ። አንዳንዴ ሳልመታ አሳልፍላታለሁ፤ ወዲያው ትነቃብኛለች።

«እማዬ፣ ይሄኛው ተጎትቷል። ለምን ዝም አልሽ?»

«አምሮኝ ነዋ።»

«እንዳያምርሽ በሞቴ። ቀን የለንም።»

ልጅቱ ጎበዝ ናት። በአምስተኛው ቀን እርሳሱ በየገጹ ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ነበር የሚሰማው። በስምንተኛው ቀን ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ስልጥ ከበሩ በኩል «እማዬ» የሚል ጥሪ ሰማሁ። ቆረጥ ያለ፣ ጥሩ ድምፅ። እንግዳ የመጣ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ። በሩ ላይ የቆመችው ሚጢ ናት፣ ሌላ ማንም የለም። «ምነው ደነገጥሽ?» አለችኝ፤ በዚያው ድምፅ።

የሚቀዳበት ቀን ሲደርስ አብረሽኝ ካልመጣሽ አልገባም አለች። ስቱዲዮውን ያየሁት ያን ቀን ነው። ያለው ከአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ሥር ነው። ደረጃውን ስንወርድ ሽታው ከበደ፤ የታፈነ ምንጣፍና የሞቀ ሽቦ ሽታ። መቅጃው ክፍል ከልብስ ቁምሳጥን ብዙም አይሰፋም። ግድግዳው ጥቁር ስፖንጅ ነው፣ መስኮት የለውም፤ በአንድ በኩል ብቻ ወፍራም መስታወት አለ። አየር ማራገቢያው ድምፅ ያበላሻል ተብሎ በቀረጻ ሰዓት ይጠፋል። የበሩ እጀታ ከውስጥ በኩል ተሰብሮ ከወደቀ ቆይቷል፤ ያለው የጠመዝማዛ ብሎን ቀዳዳ ብቻ ነው። ከፋቹ ከመስታወቱ ወዲህ የሚቀመጠው ሸበቶ የድምፅ ባለሙያ ነው፤ ጆሮ ይሉታል። «አሥራ አንድ ዓመት ስዘጋባት ስከፍትላት» አለኝ እየሳቀ፣ ወንበር እየሰጠኝ። ወንበሩ ልክ በመስታወቱ ፊት ለፊት ነው።

ሚጢ ገባች፤ ጆሮ በሩን ገፍቶ ዘጋው። ማዳመጫውን አጠለቀች፣ ስክሪኑ በራ፣ እመቤቷ በሐር ልብሷ ታየች። ሚጢም ጀመረች። አገልጋዮቹን ስታዝ፣ ጠበቃውን ስታናግር፣ ያን ክፉ አጎቷን ከቤቴ ውጣ ስትል፣ አንድም ቦታ አልጎተተችም። ዳይሬክተሩ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ «ድንቅ! ድንቅ!» ይላል። እኔም ሳላውቀው ጉልበቴን በጣቴ ለመምታት እየተዘጋጀሁ ነበር፤ ግን የሚመታ አላገኘሁም።

መጨረሻ ላይ እመቤቷ ወዳሳደገቻት ሴት የምትሄድበት ቦታ ደረሱ። አሮጊቷ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች። እመቤቷ ጎንበስ ብላ እጇን ትይዝና «እማማ፣ ልወስድሽ ነው የመጣሁት» ትላለች። ይኸው ነው፣ አንድ መስመር።

ሚጢ «ልወስድሽ ነው የመጣሁት» አለች፤ መጨረሻው ረዘመ።

«ቁም!» አለ ዳይሬክተሩ። «እንደገና።»

እንደገና አለች። ረዘመ። ሦስተኛ፣ አራተኛ። ላቧ በአንገቷ ይወርዳል። በሰባተኛው ዳይሬክተሩ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «ምን ነካት? ይህን ሁሉ እንደ ውኃ ጠጥታው!»

ጆሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚህ ቦታ ስትደርስ ስክሪኑን ትታ ወደ መስታወቱ ታያለች።»

ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ።

ዳይሬክተሩ አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝና... ላይ ዕቃ መሸጫው ጋ የተመቸ ወንበር አለ። ትንሽ አረፍ ቢሉ?»

ልቆጣ እችል ነበር። አይሆንም፣ የልጄ አነጋገር ምን ሆነ፣ እንዲሁ ቅዷት ልለው እችል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን መቶ አርባው ይሰረዛል። ሚጢ ከመስታወቱ ወዲያ ቆማ ታየኛለች፤ የምንናገረውን አትሰማም። ስነሳ ስታይ እጇን ዘርግታ «ወዴት?» አለችኝ። መጣሁ የሚል ምልክት ሰጥቻት ደረጃውን ወጣሁ።

ላይ ቤት ላስቲኩ ያልተገፈፈ ሶፋ ላይ ተቀመጥኩ። ሻጩ «ምን ልርዳዎት እናቴ?» አለኝ። ሰው እየጠበቅኩ ነው አልኩት። ከእግሬ ሥር ልጄ ትናገራለች፤ ወለሉ ግን ምንም አያሳልፍም። ሚጢ ስትወጣ ገና በቅጡ እንኳ አልተደላደልኩም ነበር። ፀጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል።

«አለቀ» አለችኝ። «አንዴ ብቻ ነው ያልኩት።»

«እሰይ የኔ ልጅ።»

«ተቀየምሽኝ?»

«ምን ቆርጦኝ!» አልኩ። ክንዷን ያዝኩና ወደ አውቶቡሱ ሄድን።

እሑድ ከሰዓት ልብስ ሰፊዋ ቤት ተሰበሰብን። ሚጢ በሩ አጠገብ፣ እኔ ከጎኗ። ድራማው ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ ለሁለት ደቂቃ ጆሮዋን አቅንታ አዳመጠችና እጇን አጨበጨበች።

«እሰይ! ይኸው አወጧት! አሁን ገና ትክክለኛዋ መጣች። እዩት አነጋገሯን፤ ከመጀመሪያውም የጨዋ ልጅ እንደሆነች ያስታውቅ ነበር።»

ማንም ወደ በሩ አልዞረም። አሮጊቷ ጠባብ ክፍሏ ውስጥ ስትታይ ሴቶቹ መሐረብ ፍለጋ ጀመሩ። እመቤቷ ጎንበስ አለች፣ እጇን ያዘች፣ ተናገረች። ቃሉ ቆረጥ ብሎ ወደቀ። ቤቱ በሙሉ ተነፋረቀ። እኔ ልጄን በሙሉ ጆሮዬ ፈለግኳት።

ሚጢ ወደ እኔ አዘነበለች። «አገኘሽኝ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

ልዋሻት አልፈለግኩም። «ቃሉ ውስጥ አላገኘሁሽም» አልኳት። «ልትናገሪ ስትዪ ግን፣ ገና ከመናገርሽ በፊት አንዴ አየር ሳብሽ። እዚያ ላይ ነበርሽ። ያችን ትንፋሽ የትም አውቃታለሁ።»

ሚጢ ወደ ስክሪኑ ዞረች። ሴቶቹ ስለ ሐር ልብሱ ማውራት ጀምረው ነበር።

«ጆሮ ሳይቆርጣት ረስቷት ነው» አለች። «ከነገ ጀምሮ እሷንም እጠነቀቃለሁ።»